ከአንድ በላይ የኤስኤቲ ውጤት ያለው አመልካች የትኛውን ይላክ?

በአሜሪካ ተማሪዎቻቸውን አበጥረው የሚመርጡ ኮሌጆች ማመልከቻ በሚቀበሉበት ወቅት፣ ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ የተባለውን የመግቢያ ፈተና ሁለትና ሦስት ጊዜ የወሰደ ተማሪ ከነቤተሰቡ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም በየጊዜው ከተመዘገቡት ውጤቶች የትኛው ለኮሌጁ ይላክ፣ የትኛውስ ይቅር የሚለው ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልሱ ከኮሌጅ ኮሌጅ የሚለያይ፣ በፈተና አዘጋጆቹ ደንብ የተወሰነና ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደጋግሞ የተለዋወጠ በመሆኑ፣ ደንቡን የሚያውቅ ተማሪና የማያውቅ ተማሪ እኩል ዕውቀት ይዘው እኩል ያልሆነ ማመልከቻ ሊያስገቡ ይችላሉ።

ኤስኤቲ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1926 ለ8,040 ተፈታኞች የተሰጠ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም በ1900 የተመሠረተው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ነው። ተፎካካሪው ኤሲቲ ደግሞ በ1959 በአዮዋ ግዛት ተጀመረ። በአሁኑ ይዞታው ኤስኤቲ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው የንባብና የጽሑፍ ችሎታን፣ ሁለተኛው ሒሳብን የሚለካ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከ200 እስከ 800 ስለሚታሰብ የሁለቱ ድምር ከ400 እስከ 1600 ይደርሳል። ከ2023 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ውስጥ ፈተናው በወረቀት መሰጠቱ ቀርቶ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሆኗል፤ ርዝመቱም 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ኤሲቲ ግን በየትምህርቱ ከ1 እስከ 36 የሚታሰብ ሲሆን፣ አጠቃላይ ውጤቱ ድምር ሳይሆን አማካይ ነው። እስከ 2025 ድረስ አማካዩ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብ፣ የንባብና የሳይንስ ውጤቶችን ይዞ ይሰላ ነበር፤ አዲሱ ይዞታ ከ2025 ወዲህ በሥራ ላይ መዋል ሲጀምር ሳይንስ በምርጫ የሚወሰድ ሆኖ አማካዩ በሦስቱ ብቻ መሰላት ጀምሯል። ሁለቱም ፈተናዎች በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚሰጡ፣ አንድ ተማሪ በ11ኛ ክፍል የጀመረውን በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ መድገሙ የተለመደ ነው።

ደጋግሞ የተፈተነ ተማሪ ሊለያቸው የሚገቡ ሁለት አሠራሮች አሉ፤ እነዚህን ማደባለቅ ብዙ ስሕተት ያመጣል። የመጀመሪያው ስኮር ቾይስ የሚባለው፣ ተማሪው የትኛው ቀን የወሰደው ፈተና ውጤት እንዲላክለት ራሱ የሚወስንበት መብት ነው። ኮሌጅ ቦርድ ይህን መብት ለኤስኤቲ ተፈታኞች የሰጠው በ2009 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር አንድ ተማሪ ውጤቱን ወደ ኮሌጅ ሲያስልክ የቀደሙት የኤስኤቲ ውጤቶቹ ሁሉ አብረው ይሄዱ ነበር። መብቱ ግን ገደብ አለው፤ መምረጥ የሚቻለው የፈተናን ቀን እንጂ የፈተናን ክፍል አይደለም። በመጋቢት ወር በሒሳብ ጥሩ፣ በንባብ ደካማ ውጤት ያገኘ ተማሪ ሒሳቡን ብቻ ነጥሎ መላክ አይችልም፤ የዚያ ቀን ውጤት ከነድካሙ ሙሉውን ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ስኮር ቾይስ ፈተናውን ያዘጋጀው ድርጅት ለተማሪው የሰጠው ምርጫ እንጂ ኮሌጁን የሚያስገድድ ሕግ ስላልሆነ፣ ውጤቶቹን በሙሉ የሚጠይቅ ኮሌጅ ሲያጋጥም ተማሪው የኮሌጁን ደንብ የማክበር ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው አሠራር ሱፐርስኮር ይባላል፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ተማሪው ሳይሆን የኮሌጁ የቅበላ ጽሕፈት ቤት ነው። ኮሌጁ ከተለያዩ ቀናት የመጡለትን ውጤቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ፣ ከየክፍሉ ከፍተኛውን እየመረጠ አዲስ ድምር ይሠራል። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ በመጋቢት ተፈትና በንባብና ጽሑፍ 620፣ በሒሳብ 700 ብታገኝ ድምሯ 1320 ይሆናል፤ በጥቅምት ደግማ በንባብና ጽሑፍ 690፣ በሒሳብ 660 ብታገኝ ድምሯ 1350 ነው። የጥቅምቱን ብቻ የምትልክ ከሆነ ኮሌጁ የሚያየው 1350ን ነው። ሁለቱንም ብትልክና ኮሌጁ ሱፐርስኮር የሚሠራ ከሆነ ግን የጥቅምቱን 690 ከመጋቢቱ 700 ጋር ደምሮ 1390 ብሎ ይይዝላታል፤ ይህ ቁጥር በየትኛውም ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ ያላገኘችው፣ ሆኖም እያንዳንዱ ግማሹ በእርግጥ የእርሷ የሆነ ውጤት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ የሚመስለውን የቀድሞ ውጤት መደበቅ እንደ ብልህነት ቢቆጠርም፣ ሱፐርስኮር በሚሠሩ ኮሌጆች ዘንድ ተማሪዋን አርባ ነጥብ የሚያስቀራት ይሆናል።

አሠራሩ አንዳንድ ሰዎችን ቅር ያሰኛል፤ በተለያየ ቀን የተገኘን ውጤት መርጦ መደመር የማጭበርበር ያህል ይሰማቸዋል። በርዝመት ዝላይ ውድድር ግን አትሌቱ የሚመዘነው ከሙከራዎቹ ሁሉ ረጅሙ ተቆጥሮለት እንጂ አማካዩ ተሰልቶ አይደለም፤ ስፖርቱም ፍትሐዊ አይደለም የሚል አልተሰማም። ለዚህ ሐሳብ የመለካት ሳይንስም ድጋፍ ይሰጠዋል። ማንኛውም ፈተና የሚሰጠው ቁጥር የተማሪውን ችሎታ በትክክል የሚያሳይ ነጥብ ሳይሆን ግምት ነው፤ የዕለቱ ድካም፣ የእንቅልፍ ማነስ፣ የጥያቄዎቹ አጋጣሚና የንባቡ ርእስ ሁሉ ውጤቱን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። ኮሌጅ ቦርድ ራሱ ለተፈታኞች በሚሰጠው የውጤት መግለጫ ላይ፣ አንድ ተማሪ ያው ችሎታ እያለው ቢደግም ውጤቱ በየክፍሉ ከ30 እስከ 40 ነጥብ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ያሳውቃል። ከዚህ አንጻር 660ና 690 ብዙም የማይራራቁ፣ አንዱ የሌላው ጎረቤት የሆኑ ግምቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ ከዚሁ እውነት ሌላ መዘዝ ይወጣል፤ ቅሬታው ሊነሣ የሚገባውም በዚህ በኩል ነው። ከብዙ ግምቶች ሁልጊዜ ከፍተኛው ብቻ የሚወሰድ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተፈተነ ሰው ዕውቀቱ ባይጨምርም እንኳ ውጤቱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የዕድሉን መልካም ቀናት ሰብስቦ መጥፎዎቹን ይጥላቸዋልና። አራት ጊዜ የተፈተነውና አንድ ጊዜ የተፈተነው በእኩል ሚዛን ላይ አልተቀመጡም ማለት ነው። ኮሌጆቹ ይህን እያወቁ አሠራሩን የሚመርጡባቸው ምክንያቶች አሏቸው፤ አንደኛው ተማሪው ሊያደርግ የሚችለውን ከፍተኛውን ማየት መፈለጋቸው ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ የአዲስ ገቢ ተማሪዎቻቸው ውጤት ከፍ ብሎ በይፋ ሲመዘገብ የኮሌጁንም ስም ከፍ የሚያደርግ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ተማሪውን ይጠቅማል፤ ሁለተኛው በዋነኛነት ተቋሙን የሚጠቅም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የኮሌጆቹ ደንብ አንድ ዓይነት አለመሆኑ የታወቁትን ስሞች በማንሣት ይታያል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭር ስሙ ኤምአይቲ፣ ለኤስኤቲም ለኤሲቲም ከየክፍሉ ከፍተኛውን ይወስዳል። በዋሺንግተን የሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ ስኮር ቾይስን የማይቀበል፣ አመልካቹ የወሰዳቸውን ፈተናዎች ውጤት በሙሉ እንዲልክ ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረ ተቋም ነው፤ ይህም ሆኖ ሁሉንም ማየት መፈለጉ ዝቅተኛውን ለመቅጫ ያውለዋል ማለት አይደለም፤ በኤስኤቲ ረገድ ከየክፍሉ ከፍተኛውን ሲመለከት ቆይቷልና። የል ዩኒቨርሲቲ በ2024 ባወጣው ደንብ አመልካቹ ከአራት የፈተና ዓይነቶች ማለትም ከኤስኤቲ፣ ከኤሲቲ፣ ኤፒ ከሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች ፈተናዎችና አይቢ ከሚባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ፈተናዎች አንዱን መርጦ እንዲያቀርብ ያዛል። የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ አቅራቢ የሚልከውን ቀን መምረጥ ይችላል፤ የኤፒን መንገድ የመረጠ ግን ከማመልከቱ በፊት የወሰዳቸውን የኤፒ ውጤቶች በሙሉ ማሳወቅ አለበት። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ደንብ ጎን ለጎን መኖሩን ልብ ይሏል። የኤስኤቲን ሒሳብ ከኤሲቲ ንባብ ጋር አዳቅሎ አንድ ውጤት መሥራት ግን የተለመደ አይደለም፤ ሁለቱን የወሰደ ተማሪ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ አዘጋጆቹ በ2018 በጋራ ያወጡትን የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ መመልከት ይችላል፤ በዚያ መሠረት የኤሲቲ 30 ከኤስኤቲ 1370፣ የኤሲቲ 34 ደግሞ ከኤስኤቲ 1500 ጋር ይስተካከላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ውጤት ጨርሶ ይላክ ወይስ አይላክ የሚል ተጨማሪ ጥያቄ ታክሎበታል። በሜይን ግዛት ያለው ቦውደን ኮሌጅ ከ1969 አንሥቶ የፈተና ውጤትን በአመልካቹ ፈቃድ ላይ የተወ ቢሆንም፣ ይህ አሠራር በሰፊው የተዳረሰው የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 የፈተና ጣቢያዎችን ባዘጋ ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለያየ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውጤት ቢላክለትም በቅበላ ውሳኔው ውስጥ አይመለከተውም፤ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ውጤት መላክን በቋሚነት የፈቃድ ጉዳይ አደረገ፤ ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትመዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 ፈተናውን ወደ ግዴታነት መመለሳቸውን አስታወቁ።

የዳርትመዝ ውሳኔ የተመሠረተበት የራሱ መምህራን ጥናት ለተራው ቤተሰብ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይዟል። ጥናቱ እንዳሳየው፣ ውጤት መላክ በፈቃድ በነበረባቸው ዓመታት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸውና ትምህርት ቤቶቻቸው ካልተሟሉላቸው አካባቢዎች የመጡ አመልካቾች፣ ቢልኩት ኖሮ የመመረጥ ዕድላቸውን ከፍ ያደርግላቸው የነበረ ውጤት በእጃቸው ይዘው ሳይልኩት ቀርተዋል። ምክንያቱም ውጤታቸውን ያነጻጸሩት ኮሌጁ ከሚያወጣው የተቀባዮች ውጤት ጋር እንጂ የቅበላ መርማሪዎቹ እንደሚያደርጉት ከገዛ ትምህርት ቤታቸውና ከአካባቢያቸው ተማሪዎች ውጤት ጋር አልነበረም። አንድ ተማሪ አብዛኞቹ ጓደኞቹ ከ1000 በማያልፉበት ትምህርት ቤት ተምሮ 1400 ቢያገኝ፣ መርማሪው የሚያነበው ቁጥሩን ከነታሪኩ ነው። ተማሪው ይህን የሚነግረው ሰው በማጣቱ ብቻ በጎ ማስረጃውን መሳቢያ ውስጥ መተዉ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ከስንፍና ወይም ከአቅም ማነስ የመጣ ሳይሆን ከመረጃ እጦት የመጣ ኪሳራ ነውና።

ኮሌጆቹ የሚያወጡት ቁጥር ራሱ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። አብዛኞቹ በየዓመቱ ኮመን ዳታ ሴት በሚባል ወጥ ቅጽ ላይ፣ ከገቡት ተማሪዎች መካከል የታችኛው ሩብ ያበቃበትንና የላይኛው ሩብ የጀመረበትን ውጤት ይመዘግባሉ። በዚያ ቅጽ 1450 እና 1550 የሚሉ ቁጥሮች ቢገኙ፣ ከገቡትና ውጤት ካስገቡት ተማሪዎች ሩብ ያህሉ 1450 ወይም ከዚያ በታች ነበራቸው ማለት ነው እንጂ 1450 መቁረጫ ነጥብ ነው ማለት አይደለም። መላክ በፈቃድ በሆነበት ኮሌጅ ደግሞ ዝቅ ያለ ውጤት ያላቸው ስለማይልኩ ቁጥሩ ከእውነተኛው የክፍሉ ይዞታ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሱፐርስኮርም ሲታከልበት ይበልጥ ከፍ ይላል። ይህን ያላገናዘበ አንባቢ በሩ ከተዘጋው በላይ የተዘጋ ይመስለዋል።

ፈተናውን የመድገም ጥቅም እስከ ምን እንደሚደርስ ጆሹዋ ጉድማን፣ ኦዴድ ጉራንትዝና ጆናታን ስሚዝ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2020 በታተመ ሥራቸው መርምረዋል። ዘዴያቸው ብልሃት አለበት። ሰው ክብ ቁጥር ስለሚወድ፣ ለምሳሌ በቀድሞው የ2400 መለኪያ 1490 ያገኙ ተማሪዎች 1500 ካገኙት ይልቅ ፈተናውን ደግመው የመውሰድ ዝንባሌ ነበራቸው፤ በችሎታ ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱን በማነጻጸር ድጋሚ መፈተን ብቻውን ያመጣውን ለውጥ ለመለየት ቻሉ። የደገሙት ውጤታቸው በሚታይ መጠን ከፍ ብሏል፤ የአራት ዓመት ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸውም ጨምሯል፤ ጭማሪው ይበልጥ የታየውም መነሻ ውጤታቸው ዝቅ ባለ፣ ገቢያቸው አነስተኛ በሆነና በኮሌጆች ውስጥ ቁጥራቸው አናሳ በሆነ ተማሪዎች ላይ ነበር። ሆኖም ከተፈታኞቹ የደገሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የማይደግሙት ደግሞ መድገሙ አብልጦ የሚጠቅማቸው እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው። ይህ ግኝት የደንቡን ፍትሕ በሚመለከት ክርክር ውስጥ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ሱፐርስኮር በወረቀት ላይ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም፣ በተግባር የሚጠቀምበት የሚደግመው ነው፤ የሚደግመውም ደንቡን የሚያውቀውና ክፍያውን የሚችለው ነው።

በዋሺንግተን አካባቢ፣ በሲያትል፣ በአትላንታና በዳላስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጉዳዩ ቅርብ ነው። ብዙዎቹ ወላጆች ያደጉት የማትሪክ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና በአንድ ጊዜ ውጤት የሰውን መንገድ በሚወስንበት ሥርዓት ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው የመቁረጫ ነጥብ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያስረዳል። ከእንዲህ ዓይነቱ ልምድ የመጣ ወላጅ የልጁን የመጀመሪያ የኤስኤቲ ውጤት እንደ ፍርድ ቢቀበለው፣ መድገምንም የመውደቅ ምልክት አድርጎ ቢያየው የሚያስገርም አይደለም። በአሜሪካ ሥርዓት ግን ሁለተኛው ሙከራ የሚጠበቅ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው አማካሪ በኩል የክፍያ ነጻነት ሲያገኙ፣ ኤስኤቲን ሁለት ጊዜ ያለ ክፍያ መውሰድና ውጤታቸውን ለፈለጉት ያህል ኮሌጅ በነጻ ማስላክ ይችላሉ፤ አማካሪውን ገብቶ መጠየቅ ግን የተማሪው ወይም የወላጁ ድርሻ ነው።

ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያመለክት ተማሪ ሁኔታው ይከብዳል። የክፍያ ነጻነቱ ከአሜሪካ ውጭ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ስለሆነ፣ በ2024–25 የትምህርት ዘመን 68 ዶላር በነበረው መደበኛ ክፍያ ላይ ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈተኑ የሚጠየቀውን ጭማሪ አክሎ መክፈል ይኖርበታል፤ ይህም ለአብዛኛው ቤተሰብ ሁለተኛውን ሙከራ የሚያሳስብ ያደርገዋል። እንዲህ ላለው ተማሪ የመጀመሪያውን ፈተና ሳይዘጋጁ ለሙከራ ያህል መውሰድ አይመከርም፤ ኮሌጅ ቦርድ ብሉቡክ በተባለው የፈተና መተግበሪያው ላይ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎችን ያለ ክፍያ ስላቀረበ፣ ሙከራውን በእነዚህ ማድረግ ይቻላል። የእንግሊዝኛ ችሎታን በሚለካው ቶፍል ፈተናም ተመሳሳይ አሠራር አለ፤ ከነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቶፍል ውጤት መግለጫ የአንዱን ቀን ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተወሰዱት ፈተናዎች ከየክፍሉ ከፍተኛውን ለይቶ ያሳያል፤ ይህን የተጣመረ ውጤት መቀበል አለመቀበሉ ግን አሁንም የየዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ነው።

ውጤቱን የማስላኩ ሥራ በጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። በርካታ ኮሌጆች በማመልከቻው ወቅት ተማሪው ራሱ ውጤቱን እንዲያስመዘግብ ፈቅደው፣ ከፈተናው ድርጅት በቀጥታ የሚመጣውን ማረጋገጫ የሚጠይቁት ተማሪው ተቀባይነት አግኝቶ ለመመዝገብ ሲወስን ነው፤ ሌሎች ግን ማረጋገጫውን ከመጀመሪያው ይፈልጋሉ። ለኤስኤቲ የተመዘገበ ተማሪ ፈተናው ካለፈ በኋላ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስ ለአራት ኮሌጆች በነጻ ማስላክ ይችላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ውጤቱን ገና ስለማያውቀው፣ ሁሉንም ውጤት ለሚጠይቁና ሱፐርስኮር ለሚሠሩ ኮሌጆች ቢጠቀምበት ጉዳት የለውም፤ የአንድ ቀን ውጤትን ብቻ ለሚመዝኑት ደግሞ ውጤቱን አይቶ ከፍሎ መላኩ ይሻላል። አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኤስኤቲ ውጤትን በትራንስክሪፕቱ ላይ ስለሚጽፉ፣ ተማሪው ያልላከው ውጤት በዚያ በኩል ሊታይ ይችላልና ትራንስክሪፕቱን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ቀደም ብለው የሚያመለክቱ ተማሪዎች የማስገቢያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 አካባቢ በመሆኑ ድጋሚው ፈተና በኦገስት ወይም በኦክቶበር መጀመሪያ ቢያልቅ ይመረጣል፤ በጃንዋሪ መጀመሪያ በሚዘጋው መደበኛ ዙር ለሚያመለክቱ ደግሞ ብዙ ኮሌጆች የዲሴምበሩን ፈተና ይቀበላሉ። ይህን ቀንና ደንብ ከኮሌጁ የቅበላ ገጽ ላይ በዚያው ዓመት ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያመለከተ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት የነገረው ዛሬ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል።